ኮርቻው ነው ወይስ ወገቤ? ለጥር 23 የሚደርስ መልስ እፈልጋለሁ

ባለዳማው (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች፣ አጣዳፊ ነው። ትናንት ከወደቅኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ላይ ወጣሁ። በእርምጃ ምንም አልነበረብኝም። ወደ ሶምሶማ ሲገባ ግን ወገቤ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝና ወረድኩ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ዛሬ ወገቤ ደርቆ አላጎነብስ ብሏል፣ ግራ እግሬም እስከ አውራ ጣቱ ይነዝረኛል። በእኔ ግምት ጥፋቱ የኮርቻው ነው። የአባቴ የእንጨት ኮርቻ ነው፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ድብዳብም ሳስቷል። ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ደግሞ ደረሰ። ተመዝግቤያለሁ፣ የፈረሱም ጌጥ ተዘጋጅቷል። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ከኮርቻው ሥር ምን ብጨምር ነው ምቱን የሚቀንስልኝ? ስፖንጅ የሞከረ አለ? ዳይክሎፌናክ ውጬ ነው የምጽፈው፣ ቶሎ በሉልኝ።

የዳንግላው፦
ስፖንጅ ይቅርብህ። ላብ ይይዛል፣ የፈረሱንም ጀርባ ይልጠዋል። አሮጌ ብርድ ልብስ እጠፍና ከድብዳቡ ሥር አንጥፈው። እጥፋቱ ጀርባው ላይ መስመር እንዳይሠራ ብቻ ተጠንቀቅ። አለቀ።

ጋሽ ፈረሰኛ፦
ልጄ፣ ስፖንጅ ስትል አዘንኩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ስፖንጅ የሚባል ነገር ማን ያውቅ ነበር? በዓሉ የሚከበረው የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። 1888 ዓ.ም. የካቲት 23 በጊዮርጊስ ዕለት የተዋጉት አባቶቻችን ኮርቻቸው እንጨት ነበር። እርካባቸውም ብዙ ጊዜ አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት ነበር። በዚያ ላይ ጋሻና ጦር ይዘው ነው። የአሁኑ ልጅ ጉግሱንም ሽምጥ ግልቢያውንም ለፎቶ አደረገው። ፈረስ የሚለመደው ከልጅነት ነው፣ ያውም ያለ ኮርቻ። ስለ አመጋገቡም ልንገርህ፤ ገብስ ስታበላው…

ባለጋሪ፦
ጋሼ፣ ፈረሱ ጠግቧል፤ የታመመው ሰውየው ነው 😄
ለማንኛውም እኔ ፈረሱም ይጠየቅ ባይ ነኝ። እሱም ወገብ አለው።

ሐምቡርግ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር እኮ አልነገርከንም። «ከወደቅኩ በኋላ» ብለህ ታልፋለህ እንዴ? መቼ ወደቅክ? ምን ተሰበረ? ኦፕራሲዮን ተደርገሃል? ሐኪሙስ ምን አለህ?

ባለዳማው (ጠያቂ)፦
ጥያቄዬ ስለ ኮርቻ ስለሆነ ነው ያልጻፍኩት። ባለፈው ግንቦት ነው የወደቅኩት። ኤል 1 የሚባለው የአከርካሪ አጥንት ተሰብሮ ባሕር ዳር ከፍተው በብሎን አስረውታል። ሐኪሙ «ፈረሱን ቀስ ብለህ ትጀምራለህ» ብሎኛል። እኔም ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። @የዳንግላው ብርድ ልብሱ ስንት እጥፍ ይሁን?

ባለጋሪ፦
አንተ ሰው! ብሎን ይዘህ ነው ስፖንጅ የምትጠይቀን? በል የፈረስ ስም አወጣንልህ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ አንተ ደግሞ አባ ብሎን 😂😂

የዳንግላው፦
ሁለት እጥፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮርቻው ይንሸራተታል።

ሲስተር ማርታ፦
ነርስ ነኝ። ስለ ብርድ ልብሱ ከመነጋገራችሁ በፊት እነዚህን መልስልኝ፦ ሽንትህ እንደ ወትሮው ይመጣል? ኮርቻ ላይ የሚያርፈው ቦታ፣ መቀመጫህና በጭኖችህ መሐል ያለው፣ ደንዝዟል? በተረከዝህና በጣቶችህ ቆመህ መራመድ ትችላለህ? ነዘራው አንድ እግር ላይ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም ላይ?

ከቻግኒ፦
ኧረ ሐኪም ሐኪም አትበሉት። እኛ ጋ አንድ ወጌሻ አሉ፣ እጃቸው ወርቅ ነው። የአጎቴን ወገብ በቅቤ አሽተው፣ አንዴ ቀጭ ሲያደርጉት ተነስቶ ሄደ። አድራሻ ከፈለግክ በውስጥ ጻፍልኝ።

ሐምቡርግ ነኝ፦
@ከቻግኒ የአጎትህ ወገብ ብሎን ነበረው? ወጌሻ ለወለምታ እሺ ይሁን። የተሰበረና በብረት የታሰረ አከርካሪን ግን ማንም በእጁ «ቀጭ» ማድረግ የለበትም፤ ወጌሻም ይሁን ማሳጅ ቤት። እዚያ ቦታ ላይ ነርቭ ነው ያለው።

ከቻግኒ፦
እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ፈረንጅ አገር ስለሆንሽ ባህላችንን አትናቂ።

ሐምቡርግ ነኝ፦
አልናቅኩም። እናቴ እጇ ሲወልቅ ወጌሻ ነው የመለሰላት።

ተጠራጣሪው፦
እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። ያ ኮርቻ አባትህን ስንት ዘመን ተሸክሟል፣ አሁን በአንድ ቀን ጥፋተኛ ሆነ? ወራት ሙሉ ስትተኛና የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቀህ ስትቀመጥ የሆድህና የወገብህ ጡንቻ ሟሟ። ፈረሱ በሶምሶማ ሲያነጥርህ የሚቀበልልህ ጡንቻ የለም፣ ስለዚህ ምቱ በቀጥታ አጥንትህ ላይ ያርፋል። ብሎን ደግሞ አይታጠፍም። የታሰረው ቦታ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎች የእሱንም ድርሻ ይሸከማሉ። ኮርቻ ሥር ፍራሽ ብታነጥፍም ይኸው ነው። ደግሞ ማን አስገደደህ? ዘንድሮ ታናሽ ወንድምህ ይጋልብ፣ አንተ ባህል ልብስህን ለብሰህ ፈረሱን እየሳብክ ግባ። የሚስቅብህ የለም።

ባለጋሪ፦
ጠላ ቤት ግን ይስቁበታል 😅

የዳንግላው፦
ብርድ ልብሱ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ናይሎን አይሁን።

ሐምቡርግ ነኝ፦
እኔም ከፈረስ ወድቄ አከርካሪዬ ተሰብሮ ነበር። ባልከፈትም ለረጅም ጊዜ ቀበቶ ታጥቄያለሁ። አሁን እጋልባለሁ። ስለዚህ አትመለስ አልልህም፣ መንገዱ ግን እንደ ትናንቱ አይደለም።

ያከመችኝ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ በእግር አስኬደችኝ፣ ዳገትም ቁልቁለትም። በእግርህ ረዘም ላለ ጊዜ ያለ ሕመም መሄድ ካልቻልክ ፈረስ ላይ የምትሠራው ነገር የለም። ጎን ለጎን የሆድና የጀርባ እንቅስቃሴ አለ። በእጅና በጉልበት ተንበርክከህ አንድ እጅና ተቃራኒ እግርህን ትዘረጋለህ፣ ወገብህ ሳይወዛወዝ ትይዘዋለህ። ቀላል ይመስላል፣ መጀመሪያ ሰሞን ላብ በላብ ያደርጋል። የአንተ ብሎን ያለበት ስለሆነ የትኛው እንደሚፈቀድልህ የከፈተህን ሐኪም ጠይቅ።

አወጣጡ ራሱ አደጋ አለው። ከመሬት እርካብ ረግጠህ ኮርቻውን እየጎተትክ ስትወጣ ወገብህ ይጠመዘዛል። ድንጋይ ወይም ግንብ ላይ ቆመህ ውጣ። ሁለት ሰው አንስቶ ቢያስቀምጥህ እንኳ እኩል ካላነሱህ ያው ጥምዘዛ ነው። ስትወርድ ሁለቱንም እግርህን ከእርካብ አውጣ፣ በሆድህ ፈረሱ ላይ ተኛና ተንሸራተህ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ እረፍ። መዝለል የለም።

የመጀመሪያው ፈረስ ዳማህ አይሁን፣ በተለይ ለበዓል ገብስ እየበላ የሰነበተ ፈረስ። ሽማግሌ፣ ርጋታ ያለው ፈረስ ተዋስና ሌላ ሰው እየሳበው በእርምጃ ብቻ ሂድ። ሳይደክምህ ውረድ። ሕመሙን የምትለካው ኮርቻው ላይ ሳለህ አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ነው። ማግስቱ ደህና ከሆነ ትደግመዋለህ። ማስታገሻ ውጠህ ግን በፍጹም አትጋልብ። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ይሸፍንልሃል እንጂ አጥንቱን አይጠግንልህም።

ሶምሶማ ከሁሉም የከፋው ነው። ተቀምጠህ ከተቀበልከው እያንዳንዱ እርምጃ ከታች ወደ ላይ ይመታሃል። ከእርምጃው ጋር ብድግ ቁጭ እያልክ ነው የምትሄደው። እዚህ ላይ ጋሽ ፈረሰኛን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ኮርቻው በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት አለው፤ ድብዳቡ ሳይሆን እርካቡ። በአውራ ጣት ተይዘህ ብድግ ቁጭ ማለት አትችልም። የእግርህ ፊተኛው ግማሽ የሚያርፍበት ሰፊ እርካብ አድርግ፣ ቁመቱንም ትንሽ አሳጥረው። ያን ጊዜ ጉልበትህና ቁርጭምጭሚትህ ምቱን ይቀበሉልሃል።

የደረት መከላከያ ጃኬት የሚልክልህ ሰው ካለ ኢኤን 13158 የሚል ምልክት (የአውሮፓ የደኅንነት መለኪያ) ያለበትን ይግዛልህ። ግን እሱም የጎድን አጥንትን ከምት ያድናል እንጂ አከርካሪ እንዳይጣመም ወይም እንዳይጨፈለቅ አያደርግም። እሱን ለብሻለሁ ብለህ እንዳትደፍር።

ሊዝ ሃርቴል የምትባል ዴንማርካዊት በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ሰው ፈረስ ላይ እያወጣት እያወረዳት፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ብር ወስዳለች። በ1956ም ደገመችው። ግን ዓመታት ሠርታ ነው እንጂ ለጥር 23 ልድረስ ብላ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን እግርህ የማይነዝርህ ከሆነ ነው። አሁን እየነዘረህ ስለሆነ የጻፍኩትን ሁሉ ለጊዜው እርሳውና ሲስተር ለጠየቀችህ መልስ ስጥ።

ባለጋሪ፦
አባ ብሎን፣ ይህን ሁሉ አንብበህ ከምትጨርስ ጥር 23 ያልፋል 😂

ባለዳማው (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰፊ እርካብ አገኛለሁ፣ ብርድ ልብሱንም አንጥፌዋለሁ። ነገ በእርምጃ ብቻ ልሞክረው ነው።

ሲስተር ማርታ፦
ነገ አትሞክርም! አራት ነገር ጠይቄህ አንዱንም አልመለስክም። ሽንት?

ባለዳማው (ጠያቂ)፦
ይቅርታ እህቴ፣ ሰው ፊት ስለሆነ አፍሬ ነው። ሽንቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቢ ይለኛል። ሲመጣ ትንሽ ነው፣ ያም በግድ። ውኃ ስላልጠጣሁ ይሆናል። መቀመጫዬም ደንዘዝ ብሎኛል፤ እሱን ከኮርቻው እንጨት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ቀኝ እግሬንም ከቀትር በኋላ ጀምሮኛል፣ ግን እንደ ግራው አይደለም።

ሲስተር ማርታ፦
አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ ማታ። ኤል 1 አካባቢ ሰረሰሩ፣ በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ያልቅና ወደ ሽንት ፊኛ፣ ወደ ሰገራና ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች በጥቅል ይወርዳሉ። እነሱ ሲጨፈለቁ ምልክቱ አሁን የነገርከኝ ነው። በእርግጥ እሱ መሆኑን በጽሑፍ ማወቅ አልችልም፣ ግን ይህ ተጠብቆ የሚታይ ነገር አይደለም። ከተረጋገጠ ኦፕራሲዮኑ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ካለፈ ሽንትህን መቆጣጠር ላይመለስልህ ይችላል።

እዚያ ስትደርስ «ወገቤን አሞኝ ነው» ብለህ ወረፋ እንዳትይዝ። «ብሎን አለኝ፣ ሽንቴ ተይዟል፣ መቀመጫዬ ደንዝዟል» በል፣ በዚሁ ቃል። እዚያ ኤምአርአይ ከሌለ ወደ ባሕር ዳር ዛሬውኑ እንዲልኩህ ጠይቅ። የኦፕራሲዮኑን ወረቀትና ራጁን ያዝ። ብሎኑ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ስለሆነ ኤምአርአይ አይከለክልም፣ ቢሆንም አስቀድመህ ንገራቸው። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ሳያይህ ምግብ አትብላ። በባጃጅ እየተንገጫገጭክ አትሂድ። አምቡላንስ ካልተገኘ መኪና ውስጥ ተጋደም።

ተጠራጣሪው፦
ሲስተር ያለችውን አድርግ፣ ወንድሜ። ክርክሩን እንመለስበታለን።

ባለጋሪ፦
ቀልዴን አንስቻለሁ። ኢንጅባራ ነኝ፣ መኪና አለኝ። በውስጥ ስልክህን ላክልኝ፣ አሁን እመጣለሁ።

ከቻግኒ፦
እኔም አልከራከርም፣ ሂድ። እግዚአብሔር ይማርህ።

ባለዳማው (ጠያቂ)፦
እሺ። @ባለጋሪ ልኬልሃለሁ።

ጋሽ ፈረሰኛ፦
ልጄ፣ ጊዮርጊስ ይከተልህ። ስለ በዓሉ አታስብ፣ ለማኅበሩ ሰዎች እኔ እነግርልሃለሁ።

ሐምቡርግ ነኝ፦
ሁለት ቀን ሆነ። @ባለዳማው እንዴት ሆንክ? @ባለጋሪ አንተስ?

የሱሉልታዋ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ሁሉንም አላነበብኩም። እኔ ጀማሪ ነኝ። ሄልሜት ውድ ሆኖብኝ የወንድሜን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጌ ብጋልብ ችግር አለው?

ሐምቡርግ ነኝ፦
አለው። ከባድ ስለሆነ ስትወድቂ አንገትሽን ይጎትተዋል፣ ጎን ለጎንም አያሳይሽም። ለፈረስ የተሠራ ፈልጊ፣ ኢኤን 1384 ወይም ኤኤስቲኤም ኤፍ1163 የሚል ውስጡ ላይ ተለጥፎ ታገኛለሽ። ያገለገለ ከሆነ ወድቆ የሚያውቅ አለመሆኑን ጠይቂ፤ አንዴ ክፉኛ የተመታ ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣላል።