ባሌስትራው ውሃ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ውስጥ አይጠነክርም፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ የሙያ አጋሮቼ። ብረት የምቀጠቅጠው በድሮው መንገድ ነው፤ ከሰል፣ ወናፍ፣ መስፍና መዶሻ። ደንበኛ በሚፈልገው ቅርጽ ቢላና መጥረቢያ እሠራለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ትእዛዝ ናላዬን አዙሮታል።

ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ 6 ቢላ ቀጠቀጥኩ። ቅርጻቸው አምሮ ነበር። የመጀመሪያውን አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክረው አንዲት "ቀጭ" የምትል ድምፅ ሰማሁ። ሆዴ ባር ባር አለ። አውጥቼ ሳየው ከስለቱ ወደ ጀርባው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! ሁለተኛውም ያው።

ሦስተኛውን ለብ ባለ ዘይት ሞከርኩ። አልተሰነጠቀም፤ ሞረድ ግን ያለ ምንም ትግል ይበላዋል። መጋሉን የማረጋግጠው በማግኔት ነው። ማግኔቱ መያዝ እንዳቆመ (770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑ ነው) ወዲያው እነክራለሁ። ከዚያ ትንሽ አልፎ መጋል ነበረበት ይሆን? ወይስ ከምድጃው ዘይቱ ጋ እስክደርስ እየቀዘቀዘብኝ ነው? የምሠራው ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለሆነ የፍሙን ቀለም በዓይኔ መለየት አልቻልኩም።

3 ቢላ ቀርቶኛል። በባሌስትራ የሠራችሁ፣ ከማግኔቱ በኋላ ምን ያህል ትጠብቃላችሁ? ዘይቱንስ ምን ያህል ታሞቁታላችሁ?