ሃይ ኑን፦ የሃድሊቪል ከተማ ሕዝብ ማርሻሉን ብቻውን በመተዉ መወቀስ ይገባዋል?

ጥያቄ (የማታ ተመልካች)

ፍሬድ ዚነማን እ.ኤ.አ. በ1952 ያዘጋጀውን «ሃይ ኑን» የተሰኘ የካውቦይ ፊልም እንደገና ተመልክቼው አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው ማርሻል (የከተማዋ ሕግ አስከባሪ) ዊል ኬን በሠርጉ ዕለት ሥራውን ለቆ ከሙሽራይቱ ጋር ከከተማ ሊወጣ ሲል፣ እርሱ ይዞ ለፍርድ ያቀረበው ፍራንክ ሚለር በምሕረት ተፈትቶ በእኩለ ቀኑ ባቡር እንደሚመጣ፣ ሦስት ግብረ አበሮቹም ጣቢያው ላይ እየጠበቁት እንደሆነ ይሰማል። መንገድ ከጀመረ በኋላ ሠረገላውን መልሶ ረዳት ፍለጋ በየደጁ ይዞራል፤ የሚከተለው ግን አያገኝም።

በቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ከንቲባው ሄንደርሰን፣ የሰሜን ባለሀብቶች በከተማዋ ገንዘብ ለማፍሰስ እያሰቡ ባሉበት ሰዓት ጎዳና ላይ ደም ቢፈስ ሐሳባቸውን ሊለውጡ እንደሚችሉ፣ ኬን ከሌለ ደግሞ ግጭት እንደማይነሣ ያስረዳል። ይህ ክርክር አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኬን ሥልጣኑን ያስረከበ ሰው ነው፤ ተተኪውም በማግሥቱ ይደርሳል። ታዲያ ሕዝቡን ስለ ምን እንወቅሰዋለን?

መልስ (ጥቁርና ነጭ)

ሄንደርሰን አሳማኝ ሆኖ መቅረቡ የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በፊልሙ ውስጥ «ፈርቻለሁ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው ከስንት አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ በቂ ምክንያት አለው። በሚለር ላይ የፈረደው ዳኛ ስለ ጥንታዊት አቴና እየተረከ ባንዲራውንና የፍትሕ ሚዛኑን ከግድግዳ አውርዶ ይጭናል። ረዳቱ ሃርቪ በኬን እግር ካልተተካሁ ብሎ ያኮርፋል። የሆቴሉ ጸሐፊማ ሚለር በነበረበት ዘመን ገበያው የደራ እንደነበር ለመናገር እንኳ አያፍርም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የኬን ወዳጅ ፉለር ነው፦ በመስኮት ኬንን ሲመጣ አይቶ ሚስቱን «የለም በይው» ይላታል፤ እርሷም በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗን መጣያ እያጣች፣ ባሏ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ ትዋሻለች። ኬን ባሏ ያለ እርሷ መሄዱን ሲጠይቃት የምትሆነውን ልብ ብለው ይመልከቱ።

የሄንደርሰን ክርክር የሚፈርሰው በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ሚለር ከተማዋን በያዘበት ጊዜ ጨዋ ሴት በጠራራ ፀሐይ በጎዳና መሄድ እንዳልቻለች ለሁሉም ታስታውሳለች። እንግዲህ ከንቲባው ጸጥታ የሚለው ሚለር ከመያዙ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው ማለት ነው። የኬን መሸሽም ቢሆን የሚያድነው አልነበረም፤ ራሱ እንደሚለው፣ አራቱ ሰዎች ረዳት በሌለበት ሜዳ ላይ ይደርሱበት ነበር።

መልስ (የፊልም ታሪክ አንባቢ)

ፊልሙ በተሠራበት ዓመት የነበረውን ሁኔታ ካላየን ጥያቄው ግማሹ ይቀራል። ደራሲው ካርል ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1951፣ ቀረጻው እየተካሄደ ሳለ፣ ፀረ አሜሪካ ተግባራትን ይመረምር በነበረው የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በኮሚኒስትነት የሚጠረጠሩ የቀድሞ ጓደኞቹን ስም አልሰጥም በማለቱ የሆሊውድ በር ተዘግቶበት ወደ እንግሊዝ ተሰድዷል። ወዳጆቹ አንድ በአንድ ሲሸሹት ያየ ሰው የጻፈውን የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት በዚህ ዓይን ማየት ግድ ነው። የሚገርመው፣ በፖለቲካ አቋሙ ወግ አጥባቂ የነበረው ኩፐር ፎርማንን መደገፉ ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙን የአንድ ወገን ንብረት ማድረግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1989 በፖላንዱ ምርጫ የሶሊዳሪቲ (ከሠራተኞች ማኅበር የተነሣው የተቃውሞ ንቅናቄ) ደጋፊዎች ኮሚኒስቱን መንግሥት ለመቃወም በየግድግዳው የለጠፉት ፖስተር፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት የያዘው ጋሪ ኩፐር ነበር።

መልስ (ሸሪፍ ነኝ)

እኔ ይህን ፊልም ከነቀፈው ከሌላው ዳይሬክተር ከሃዋርድ ሆክስ ጋር እስማማለሁ። ሙያውን የሚያውቅ ሕግ አስከባሪ ነጋዴውንና ገበሬውን «ኑና አብራችሁኝ ሙቱ» ብሎ በየደጁ አይለምንም፤ በመጨረሻም ያዳነችው ጠመንጃን የምትጠላው የኩዌከር እምነት ተከታይ ሚስቱ ናት፣ ለዚያውም ሳይጠይቃት። ሆክስ እ.ኤ.አ. በ1959 «ሪዮ ብራቮ»ን የሠራው ለዚህ ፊልም መልስ እንዲሆን ነው፤ በዚያ ፊልም ጆን ዌይን የሚጫወተው ሸሪፍ ለውጊያ ያልሠለጠነውን ሰው እርዳታ እንቢ ይላል፣ አጠገቡ የሚቆሙለትም አንድ ሰካራም፣ አንድ አንካሳ ሽማግሌና አንድ ወጣት ናቸው።

የጠያቂው ምላሽ (የማታ ተመልካች)

ስለ ሴትየዋ ንግግር የተጠቀሰውን ተቀብያለሁ፤ ትዕይንቱን መልሼ ሳየው ሄንደርሰን ለእርሷ መልስ አለመስጠቱን አስተዋልኩ። በሆክስ ሐሳብ ግን አልስማማም። ኬን የሚለምነው ሙያውን ስለማያውቅ ሳይሆን ሕጉ የከተማው ሁሉ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

መልስ (ጥቁርና ነጭ)

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ጆን ዌይን ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ሲያወግዝ፣ ኬን የማርሻልነት ኮከቡን መሬት ጥሎ እንደረገጠው ተናግሯል። ፊልሙን ላየ ሰው ኬን ኮከቡን ከደረቱ ነቅሎ አቧራው ላይ ይጥለዋል እንጂ አይረግጠውም። ዌይን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1953 ኩፐር በዚሁ ሚናው ያሸነፈውን ኦስካር በእርሱ ስም መድረክ ላይ ወጥቶ የተቀበለ ሰው መሆኑን ስናስብ ውግዘቱ ይበልጥ ግራ ያጋባል። ሕጉን የጣለው ማን ነው የሚለውን ለመመለስ ግን የዳኛው ሻንጣ ውስጥ የገቡትን ዕቃዎች ማየት ይሻላል፤ ባንዲራውና ሚዛኑ ከተማዋን ለቀው የወጡት ባቡሩ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመው ነው።