ቀይ ሽብርን ለልጄ ምን ብዬ ልንገረው?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ጎንደሮች! አጎቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ተገደለ። እናቴ ስሙን ስታነሳ እስከ ዛሬ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የአሥረኛ ክፍል ልጄ ደግሞ "ዘር ማጥፋት ነው ወይስ የፖለቲካ ግድያ?" ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

ጠበቃው ከማራኪ፦
እህቴ፣ ሁለቱንም በይው። የተባበሩት መንግሥታት የ1948 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም። የኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ግን ይጨምራል። መንግሥቱ ኃይለማርያም ታኅሣሥ 1999 በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለውም በዚሁ ነው። ችሎቱ 12 ዓመት ፈጀ፣ ይገርማል!

የአራዳው፦
ፍርዱስ ይሁን። ሩዋንዳ ውስጥ ከዘር ማጥፋቱ በኋላ ጋቻቻ በሚባለው የመንደር ችሎት ጎረቤት ጎረቤቱን ፊት ለፊት ጠየቀ። እሱም እንከን ነበረበት፣ አልክድም። እኛ ግን የገዳይና የሟች ቤተሰብ በአንድ ዕድር ተቀምጠን፣ አብረን ለቅሶ እየደረስን፣ ስለዚያ ጉዳይ ትንፍሽ አንልም። ይሄ ዕርቅ ነው እንዴ? አይዋጥልኝም።

የአዘዞዋ፦
እውነትህን ነው። የኛም ዕድር እንደዚያው ነው።

ጠበቃው ከማራኪ፦
እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን በስልክ ቅጂ። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 የተከፈተው የሰማዕታት ሙዚየም አለ። የራስ ቅሎች ስላሉበት ለልጁ ቀድመሽ ንገሪው።