ለሚቀጥለው ወር የፊልም ምሽት፦ አንድም ቃል የማይነገርበት ፊልም

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ ዛሬ እንጨርሰው። የኔ ምርጫ «ዘ ቲፍ» ነው፤ «ሌባው» እንበለው። በ1952 እ.ኤ.አ. ራስል ራውስ ያዘጋጀው የአሜሪካ ፊልም ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው አይነጋገርም። የድምፅ አልባው ዘመን ፊልም እንዳይመስላችሁ። ስልክ ይጮኻል፣ ኮቴ ይሰማል፣ መኪና ያልፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተኳርፈው ነው እንዴ?

ጸሐፊ፦ ሃሃ! ተዋናዩ ሬይ ሚላንድ የኑክሌር ሳይንቲስት ሆኖ ይጫወታል፤ እዚሁ ዋሽንግተን እየሠራ ምስጢር ለሰላዮች ያቀብላል። ቤቱ ስልክ ይጠራል። አያነሣውም። ጥሪው ራሱ ትእዛዝ ነው። ለምን እንደሚታዘዝ ግን የሚነግርህ የለም፤ ፊቱን እያየህ አንተው ትገምታለህ። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

አንዲት አባል፦ እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ልጆቼ ደግሞ አማርኛቸው ገና ነው። ባለፈው የትርጉም ጽሑፉ ንግግሩን ቀድሞ ሲሮጥ እናቴ እንቅልፏን ለጠጠች። ይሄኛው ሁላችንንም እኩል ያደርገናል። ሐሳቡ ውስጥ ይግባልኝ።

ጋሼ፦ እኔ አይቼዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሐሉ ይጎተታል። ሰውዬው ኒውዮርክ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይገላበጣል። አንዳንዴማ «ኧረ አንድ ቃል ተናገር!» ያሰኛል። ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ሲያሳድዱት ግን ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት። ደግሞ ዘመኑን አትርሱ። ሮዘንበርግ ባልና ሚስት በአቶም ስለላ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው በ1951 ነው፤ ፊልሙ በወጣ በዓመቱ ተገደሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱስ ጥሩ። ግን ስሙን እንኳ ያልሰማነውን ፊልም ማን መጥቶ ያየዋል?

ጸሐፊ፦ ሙዚቃው ለኦስካር ታጭቶ ነበር፣ እሱን ጥሪው ላይ እንጻፍ። በዚያ ላይ ሰላዮቹ የሚገናኙት ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ግማሾቻችሁ በታክሲ ስታልፉት የምትውሉት ቦታ!

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። የማሳያ ፈቃዱን እኔ አጣራለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይሄ ነው፦ «ሌባው»፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ትርጉም የማያስፈልገው፣ ከአያት እስከ ጎረምሳ። ጋሼ ከፊልሙ በፊት ስለ ዘመኑ 10 ደቂቃ ያጫውቱናል። ቡናው ከፊልሙ በኋላ ይፈላል፤ የስኒ ኳኳታ ከገባበት አለቀለት።

ገንዘብ ያዥ፦ ፈንዲሻስ?

ጸሐፊ፦ ፈንዲሻም።