የዓይንና የፊት መከላከያ የጋራ ግዥ፦ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀንና በቡሬ ያላችሁ የብረታ ብረት፣ የእንጨትና የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት የጋራ ግዥውን ሐሳብ እዚሁ ተወያይተን እናዘጋጃለን። በእጃችን ያለው ረቂቅ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ግልጽ የፊት መሸፈኛ እንዲገዛ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ምክንያቱም በብዛት ሲገዛ ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ፣ ወጪውን ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንቁረጥ የሚል ሐሳብ ባይነሣ እመርጣለሁ።

በያጅ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ክቡር ጸሐፊያችን፣ ድካምዎን እያመሰገንሁ፣ «አንድ ዓይነት» በሚለው ግን አልስማማም። ግልጽ መሸፈኛ የብየዳን ብርሃን አያቆምም፤ የብየዳ ማስክ አድርጎ ደግሞ በግራይንደር፣ ማለትም በሚሽከረከር የመቁረጫ ዲስክ፣ ብረት መቁረጥ በጨለማ እንደ መሥራት ነው። በኤሌክትሪክ ለሚበይድ ሰው መስታወቱ የሚመረጠው በአምፔሩ፣ ማለትም በኤሌክትሪኩ ፍሰት መጠን፣ ልክ ነው፤ ከ60 እስከ 160 አምፔር ዝቅተኛው የጥቁረት ቁጥር (የመስታወቱ የጨለማ ደረጃ) 8፣ የሚመከረው ደግሞ 10 ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 250 አምፔር ዝቅተኛው 10፣ የሚመከረው 12 ይሆናል። በኦክስጅንና በአሴቲሊን ለሚበይድ ዝቅተኛው እንደ ብረቱ ውፍረት ከ4 እስከ 6 ነው። ስለዚህ ረቂቁ «የብየዳ ማስክ» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ቁጥሩ ይጻፍበት።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ልጅ ሳለሁ የተሰጠኝ ማስክ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ፣ የበሩን ማዕዘን ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ ስይዝ ማስኩን ገልጬ እጄን ብቻ ዓይኔ ላይ እጋርድ ነበር። ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ግን ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ያህል ይቆረቁረኝ ጀመር፤ እናቴ ድንች ቆርጣ ብታስርልኝም እስኪነጋ እንባዬ አልቆመም። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ስለሚሰማ፣ ሠራተኛው የትኛው ብልጭታ እንደጎዳው እንኳ አያውቅም።

የብረት መቁረጫ ባለሙያ፣ ከቡሬ፦
የፊት መሸፈኛ ብቻውን ለግራይንደር አይበቃም፤ ፍንጣሪው ከአገጭ በታች ገብቶ ወደ ላይ ይነጥራልና ከሥሩ የጎን መከለያ ያለው መነጽር ወይም ጎግል፣ ማለትም ዙሪያውን ፊት ላይ የሚገጥም መከላከያ፣ መደረግ አለበት። ዕቃው ሲገዛም ምልክቱ ይነበብ። ኢኤን 166 በሚባለው የአውሮፓ የዓይን መከላከያ መለኪያ «ኤፍ» የተጻፈበት በሰከንድ 45 ሜትር፣ «ቢ» የተጻፈበት 120 ሜትር የሚወረወር 6 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ መቋቋም አለበት። ተራ መነጽር ከ«ኤፍ» አያልፍም፤ «ቢ» የሚገኘው ከጎግል ጀምሮ ነው። ገበያ ላይ በ«ሴፍቲ» ስም የሚሸጠውን ምልክት የሌለው ፕላስቲክ ከፀሐይ መነጽር ለይቼ አላየውም።

ኖራና ሲሚንቶ የሚያራግፉ ሠራተኞች ተወካይ፣ ከደጀን፦
የእኛ ጠላት የሚወረወር ነገር ሳይሆን ዱቄት ነው። ኖራ ዓይን ውስጥ ሲገባ ላይ ላዩን አይቀርም፤ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ያቃጥላል። የጎን መከለያ ያለው መነጽር ዙሪያው ክፍት ስለሆነ፣ ለእኛ ፊት ላይ የሚገጥምና የአየር መውጫው ቀጥተኛ ያልሆነ ጎግል ይገዛልን፤ የባትሪ አሲድ ለሚነኩ የጋራዥ ወንድሞቻችንም ይኸው ከፊት መሸፈኛ ጋር ይሁን። መከላከያው ባይከለክልስ? ዓይን ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ መታጠብ አለበት። ቢያንስ በደቂቃ ሊትር ተኩል ይፍሰስ ቢባል 22 ሊትር ተኩል ይፈጃል፤ በራችን ላይ የምናስቀምጠው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶም እንኳ አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ ውኃው እንደ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን እንደ ግዥው አካል ይታይልን።

የእንጨት ሥራ ቤት ኃላፊ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድሞቼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በክረምት ጠዋት ብርዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጎግሉ በትንፋሽ ጭጋግ ይለብስና ሠራተኛው ወደ ግንባሩ ይገፋዋል። መጋዙ ፊት ቆማ ጎግሏን ግንባሯ ላይ ያስቀመጠችውን ልጅ ስቆጣት «እትዬ፣ እንጨቱ አይታየኝም፤ ጣቴን ልቁረጥ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ከጠቅላላው ግዥ በፊት ከየዓይነቱ ጭጋግ የማይዝ ጥቂት ናሙና ተገዝቶ፣ ፊታቸው ጠባብ የሆኑትም ሰፊ የሆኑትም ለሁለት ሳምንት ሠርተውበት ይምረጡ። የሐኪም መነጽር የሚያደርጉት ደግሞ በላዩ የሚደረግ ሰፊ ጎግል ያስፈልጋቸዋል። የተጫረ መስታወት የሚቀየርበት መለዋወጫም አይረሳ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የመጀመሪያውን ረቂቅ አንሥቻለሁ። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ ሥራ ቤት ከግዥ በፊት በየሥራ ቦታው ያለውን አደጋ፣ ማለትም ፍንጣሪ፣ ጨረር፣ ዱቄት ወይም ፈሳሽ መሆኑን ለይቶ ይጽፋል፤ መከላከያው በዚያ መሠረት ይመረጣል፤ ለብየዳ የጥቁረት ቁጥር፣ ለመቁረጥ የጥንካሬ ምልክት፣ ለኖራና ለአሲድ የሚፈስ ውኃ በግዥ ሰነዱ ላይ ይገለጻል።» የእትዬም የሁለት ሳምንት ሙከራ ተካቷል። ያልተዘጋው፣ የዓይን ሐኪም መነጽር ላዘዘለት ሠራተኛ ሐኪሙ ያዘዘውን የመነጽር ቁጥር የያዘ የመከላከያ መነጽር ቢሠራለት ወጪው የማኅበሩ ይሁን የሥራ ቤቱ የሚለው ነው፤ ለዚህ በረቂቁ ላይ ባዶ ቦታ ትቻለሁና የሥራ ቤት ባለቤቶች አስቀድማችሁ ጻፉበት።