ጉዱ ካሳ በእውነት ጀግና ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰሞኑን ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩ። ልጅ ሆኜ ሳነበው ልቤ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ላይ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኔ ጉዱ ካሳ ላይ ቀረ። ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይናገራል። ግን ምን ለወጠ? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

መልስ፦
አልተሳሳትክም፣ ግን ጥያቄህ ትንሽ ጨከነ። ሰውዬው የባላባት ዘመድ ሆኖ የባላባትን ሥርዓት ሲነቅፍ «እብድ ነው» ተባለ፣ ጉዱ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። እብድ የተባለ ሰው ደግሞ እውነት ቢናገርም ማን ይሰማዋል? የሐዲስ ዓለማየሁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሡ ዙፋን ላይ እያሉ፣ እንዲህ ያለውን ትችት ደግሞ በ«እብድ» አፍ ማስነገር ይቀላል (ይሄ የኔ ግምት ነው)።

ሌላ መልስ፦
እኔ በበኩሌ ፊታውራሪ መሸሻን ነው የምመርጠው፣ አትሳቁ! ለልጃቸው ለሰብለ የሚመጥን ዘር ያለው ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ አለፈ። ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ከዘር ሌላ ክብር አያውቁም። ገበሬዎቹ አምፀው ሲማርኳቸው እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ጠያቂው፦
በዛብህንስ ረሳችሁት? ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፣ ያ ስለት እስከ መጨረሻው ያስፈራዋል። እሺ፣ የጉዱ ካሳን ክፍሎች እንደገና ላንብብና እመለሳለሁ።