«ከወደቀ መጀመሪያውኑ አልተነሣም» ማለት ምን ማለት ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ትናንት የማታ ጉባኤ ላይ የሰማሁት እንቅልፍ ነስቶኛል። መምህሩ «እውነተኛ ንስሐ የገባ ሰው ደግሞ አይወድቅም። ከወደቀ መጀመሪያውኑ አልተነሣም» አሉ። ይህ ሲነገር የእኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጧል። ጫት ከተወ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። ባለፈው ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ቃመ። ማንም አልያዘውም፤ ራሱ መጥቶ ተናገረ። ከመዝሙር ታገደ። አሁን ደግሞ ይሄ ተጨመረበት። ያ ሁሉ የታገለበት ጊዜ የት ሊገባ ነው?

ገብረ ጊዮርጊስ፦
ወንድሜ፣ መምህሩ ያሉት እኮ አዲስ ነገር አይደለም። «ውሻ ወደ ትፋቱ» የሚለውን ቅዱስ ጴጥሮስ ነው የጻፈው። ሮሜ 6ንም አንብበው፤ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑር? አይደለም! ዛሬ «መውደቅ ያለ ነው» ስትሉት ነገ በርጫው ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። እኔ ታናሽ ወንድሜን በዚህ አነጋገር ነው ያጣሁት። ሁሉም «ቀስ በቀስ ይተዋል» ይለው ነበር። አልተወም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ስለ ወንድምህ አዝናለሁ፣ ከልቤ። ግን 2ኛ ጴጥሮስ 2ን ከመጀመሪያው አንብበው፤ የሚናገረው ስለ ሐሰተኞች አስተማሪዎች ነው። ወድቆ እያለቀሰ ስለሚመጣ ልጅ አይደለም። ምሳሌ 24፥16 ደግሞ «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና ይነሣማል» ይላል። ጻድቅ ነው ያለው! መጀመሪያውኑ አልተነሣም አላለም።

ወለተ ኪዳን፦
እኔን ያመመኝ «መጀመሪያውኑ» የምትለዋ ቃል ናት። የኋላውን ሁሉ ታጠፋለች። የጾመው ጾም፣ የሰገደው ስግደት፣ የቆረበው ቁርባን ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው? እኔ ኩርፊያና ቂም ነው የሚጥለኝ። ስንት ጊዜ ለንስሐ አባቴ ያንኑ ተናግሬያለሁ። ድሮ ቂሜ ዓመት ይቆይ ነበር፣ አሁን ሳምንት አይሞላም። ይህ እድገት ካልሆነ ምን እንበለው?

ገብረ ጊዮርጊስ፦
እኅቴ፣ ቂምና ጫት አንድ አይደሉም።

ወለተ ኪዳን፦
ማን መዘነው? ቂም ይዞ መቁረብ እንደማይቻል አንተም ታውቃለህ።

ዲያቆን ነኝ፦
አባቶች መዓርጋትን፣ ማለትም የቅድስና ደረጃዎችን፣ ዐሥር አድርገው የቆጠሩት ለምን ይመስላችኋል? በንጽሐ ሥጋ ሦስት፣ በንጽሐ ነፍስ አራት፣ በንጽሐ ልቡና ሦስት። ከጽማዌ (ከዝምታ) ተነሥቶ እስከ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ (ቅድስት ሥላሴን እስከ ማየት) ድረስ ደረጃ በደረጃ ነው። በአንድ ሌሊት የሚዘለል ቢሆን አንድ መዓርግ ይበቃ ነበር። ሙሴ ጸሊምን አስቡ። ሽፍታ ነበር፤ ከመነኮሰ በኋላ እንኳ የዝሙት ጾር (ፈተና) ለብዙ ጊዜ አስጨንቆት ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ይመላለስ ነበር። አባ ኤስድሮስ «መጀመሪያውኑ አልመነኮስክም» አላሉትም።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
ዲያቆን፣ ከጾር ጋር መዋጋትና መውደቅ ይለያያል። ሙሴ ጸሊም ታገለ እንጂ ተመልሶ አልሸፈተም። ይህ ልጅ ግን ቃመ።

ባለ ጀልባው፦
እኔ መጽሐፍ ብዙ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ግን በደንገል ታንኳ እንጨት አመላልሻለሁ። ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ስለከበደ «መጀመሪያውኑ ታንኳ አልነበረም» የሚል ሰው ጣና ላይ አላየሁም። አውጥተህ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለህ፣ ሲደርቅ ትመልሰዋለህ።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
ታንኳ ቆይቶ ይበሰብሳል እኮ። ስንት ጊዜ ልታደርቀው ነው?

ባለ ጀልባው፦
እስኪበሰብስ ድረስ ነዋ። ውሃ ውስጥ ከተተወማ ቶሎ ይበሰብሳል። እናንተ ልጁን እዚያው ልትተዉት ነው።

የዘጌዋ፦
እዚህ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላዔ ሰብእን፣ ያንን ሰው በላ፣ ያላየ አለ? 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ምሕረቷ እንዲህ ከሆነ በአንድ ቀን ጫት ሰው እናወግዛለን?

ገብረ ጊዮርጊስ፦
እሱማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። በአንዴ ነው የዳነው።

ዲያቆን ነኝ፦
እሱ የምሕረትን ብዛት ነው የሚያሳየው። ስለ ኑሮ ትግል ከሆነ ጴጥሮስን ውሰድ። ሦስት ጊዜ ካደ፤ ጌታም ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን» ብሎ ጠየቀው፣ በጎቹንም ሰጠው።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
ያ ከበዓለ ሃምሳ በፊት ነው። መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ የወደቀበትን አሳየኝ።

ዲያቆን ነኝ፦
ገላትያ 2። አንጾኪያ ላይ ሰዎችን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ለየ። ጳውሎስ ፊት ለፊት ገሠጸው።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
እሱን እንደ ኃጢአት አትቁጠረው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጳውሎስ «ይፈረድበት ዘንድ ይገባ ስለ ነበር» ነው ያለው! ምን ብለን እንቁጠረው?

ጎረቤት፦
እኔ ከሌላው ቤተ እምነት ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛም ጋ «ከወደቀ ዳግም አልተወለደም» የሚል አለ። ያ ቃል ወጣት ሲያስቀር አይቻለሁ።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
ወደዚያ አትውሰዱት። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ቀኖና፣ ንስሐ ለገባ ሰው ስለሚሰጠው ሥርዓት ነው። እገዳ ቅጣት አይደለም፣ መድኃኒት ነው።

ወለተ ኪዳን፦
መድኃኒትማ ከሆነ መጠንና ጊዜ አለው። ቀኖናውን የሚሰጡት ደግሞ ንስሐ አባቱ ናቸው። እሳቸውን የጠየቀ አለ? እስከ መቼ ነው የታገደው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ማንም አልነገረውም። ዛሬ ጠዋት የኪዳን ጸሎት ላይ በር ጋ ቆሞ ነበር። ነጠላውን ዓይኑ ድረስ ሸፍኖ።

ገብረ ጊዮርጊስ፦
መምጣቱ ጥሩ ነው። ግን መዝሙሩን ይቆይ።

ባለ ጀልባው፦
ስንት ቀን?